ኮርኒሱም ይጮኻል

መምህሯ ቃል እያጻፉ ነው። «ሰማ» አሉ። ፊት የተቀመጠችው ልጅ «ሰማ» ብላ ጻፈች። መሃል ላይ ያለው ትንሽ አመነታና «ጠማ» አለ። መጨረሻው ወንበር ላይ ያለው ደግሞ «ቀማ» ብሎ ጽፎ፣ እርሳሱን አስቀምጦ፣ ቀጣዩን ቃል መጠበቅ ጀመረ። በራሱ ተማምኗል። ደብተሩ ሲታረም ግን ኤክስ ይገባበታል። ነገሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም «ይሄ ልጅ አያዳምጥም» ይባላል።

ይህን ክፍል የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ግን በየትም አገር በየቀኑ የሚሆን ነው። ልጁ አዳምጧል። ጆሮውም ደህና ነው። ቃሉ የተበላሸው ከመምህሯ አፍ ወጥቶ እሱ ጋ እስኪደርስ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ደግሞ ሰባት ሜትር አይሞላም።

አንድ ነገር ሞክሩ። እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና «አአአ» በሉ። ሲንቀጠቀጥ ይታወቃችኋል። አሁን ደግሞ «ስስስ» በሉ። ጉሮሮው ጸጥ አለ፤ የቀረው በጥርስ መሃል የሚሾልክ ትንፋሽ ብቻ ነው። አናባቢ ወፍራም ነው፣ ጉልበት አለው፣ ረዘም ብሎ ይቆያል። ተነባቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀጭንና ደካማ ነው። ዕድሜውም ብዙ ጊዜ የሰከንድ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ክፋቱ፣ ትርጉሙን የሚሸከመው ይኸው ደካማው መሆኑ ነው። «ሰማ»፣ «ጠማ»፣ «ቀማ»፣ «ለማ» አናባቢያቸው አንድ ነው። የሚለያቸው መጀመሪያ ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋው ድምፅ ናት። «መታ» እና «መጣ»ም እንደዚያው፤ እነሱ ላይ ግን የምትለያቸው መሃል ላይ ናት። ጫጫታ ሲመጣ ቀድሞ የሚውጠው እሷን ነው። የኋላ ተማሪ የመምህሯን ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንዳሉ ግን ይገምታል።

ለዚህ ነው «ከኋላ ይሰማል?» ብሎ መጠየቅ ብዙም የማይጠቅመው። ሁሉም «አዎ!» ይላል። አልዋሹም እኮ፤ ይሰማል።

ትንሽ ቁጥር

ድምፅ የሚለካው በዲሲቤል ነው። ዲሲቤል ግን እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ ቀጥ ያለ መለኪያ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። 10 ዲሲቤል በተጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። ለጆሯችን ግን እጥፍ የጨመረ ያህል ነው የሚመስለው። ሹክሹክታ 30 ገደማ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሜትር ርቀት ሆነው በወጉ ሲያወሩ 60 አካባቢ ይደርሳል።

ክፍል ውስጥ ወሳኙ ጫጫታው ብቻውን ስንት መሆኑ አይደለም። የመምህሯ ድምፅ ከጫጫታው በስንት ይበልጣል የሚለው ነው። መምህሯ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ተናገሩና በአንድ ሜትር ላይ 65 ዲሲቤል ሆነ እንበል። ሜዳ ላይ ቢሆኑ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይቀንሳል። ሁለት ሜትር ላይ 59፣ አራት ሜትር ላይ 53፣ ስምንት ሜትር ላይ 47። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ያን ያህል አይወርድም። ኋላ ወንበር ላይ 50 ደረሰ እንበል። ልጅ ሳይቸገር ቃል እንዲለይ ንግግሩ ከጫጫታው ቢያንስ በ15 ዲሲቤል ቢበልጥ ጥሩ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። ከ50 ላይ 15 ስንቀንስ 35 ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው መመሪያ፣ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ያለው ጫጫታ ከ35 ዲሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። አሜሪካ ውስጥ በ2002 የወጣው የመማሪያ ክፍሎች ደረጃም ለባዶ ክፍል ያስቀመጠው ቁጥር 35 ነው።

35 ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ የሚል ነገር ነው። ያረጀ ማራገቢያ ብቻውን ሊያልፈው ይችላል። ልጆች፣ ኮሪደር ላይ የሚሯሯጡ ሌሎች ልጆች፣ መንገድ ላይ ያለ መኪና፣ ከጎን ክፍል የሚመጣ ዝማሬ ሲጨመርበት የት እንደሚደርስ አስቡት። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድማ ሒሳቡን መሥራትም አያስፈልግም። መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ዝናቡ እስኪያባራ ይቆማል። እንዲያውም ዝናብ ይሻላል እላለሁ። ዝናብ ሲሆን ትምህርት መቆሙን ሁሉም ያውቃል። በመካከለኛ ጫጫታ ጊዜ ግን ትምህርቱ የቀጠለ ይመስላል።

አልወጣ ያለ ድምፅ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጫጫታ ነው። ሁለተኛው ችግር ግን ራሱ የመምህሯ ድምፅ ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ አንዴ ብቻ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ወዲያው ከተቋረጠ ጥሩ ነው። «ጯጯጯ…» እያለ ከቆየ ክፍሉ ችግር አለበት። ድምፁ ከግድግዳ ወደ ኮርኒስ፣ ከኮርኒስ ወደ ወለል እየተላተመ ነው። ባለሙያዎቹ ረጅም ስም አላቸው፤ እኔ «ትራፊ ድምፅ» ብዬው ልቀጥል።

ሰው ሲናገር በሰከንድ አራት አምስት ክፍለ ቃል ያወጣል። ትራፊው አንድ ሰከንድ ከቆየ፣ አምስተኛው ክፍለ ቃል ሲወጣ የቀደሙት አራቱ ገና አየር ላይ ናቸው። ወፍራሙ የአናባቢ ትራፊ ከኋላ የሚመጣውን ቀጭን ተነባቢ ይሸፍነዋል። መምህሯ በገዛ ድምፃቸው ራሳቸውን ያቋርጣሉ ማለት ነው። ጮክ ቢሉም አይረዳም፤ ትራፊውም አብሮ ይጮኻል። የሚረዳው ቀስ ማለት ነው። ትልቅ የጸሎት ቤት ውስጥ የሚሰብክ ሰው ቃሉን እየጎተተ የሚናገረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህን ነገር መጀመሪያ በቁጥር የያዘው ዋላስ ሳቢን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው። ጊዜው 1895 ነው። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሠርቶ፣ ውስጡ ያለው የንግግር አዳራሽ ከንቱ ሆነ። አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ ከአምስት ሰከንድ ተኩል በላይ ይቆያል። ማንም ማንንም መስማት አልቻለም። «አንተ ሞክረው» ተባለ፤ ሳቢን ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ሌሊት ሌሊት ከተማው ጸጥ ሲል፣ የኦርጋን ቱቦ እያስነፋና ሰዓት ይዞ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ያለውን ጊዜ ይለካ ጀመር። ከሌላ ቴአትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ አዳራሹ ውስጥ ደረደረ። ትራስ በጨመረ ቁጥር ትራፊው አጠረ። ከብዙ ሌሊት በኋላ ዛሬም የምንጠቀምበትን ቀመር አገኘ። የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ ያዙ፣ በ0.161 አባዙት፣ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ለሚመጥጠው ስፋት አካፍሉት፤ ትራፊው የሚቆይበት ጊዜ በሰከንድ ይወጣል።

«የሚመጥጥ ስፋት» የሚለውን የለካበት መንገድ ደስ ይለኛል። መለኪያው የተከፈተ መስኮት ነው። በተከፈተ መስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስም። ስለዚህ 10 ካሬ ሜትር የመምጠጥ አቅም ማለት 10 ካሬ ሜትር መስኮት ወለል አድርጎ እንደመክፈት ነው።

አንድ ክፍል ይዘን እንሥራው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 7፣ ከፍታው 3። ይዘቱ 168 ሜትር ኩብ ነው፤ በ0.161 ሲባዛ 27 ይሆናል። ግድግዳ፣ ወለልና ኮርኒስ ሲደመሩ 202 ካሬ ሜትር ናቸው። ሲሚንቶ፣ ልስንና ቀለም ድምፅ አይጠጡም ማለት ይቻላል። በሩንና መስኮቱን ጨምሮ በአማካይ መቶ እጅ አምስት ብንሰጣቸው፣ 10 ካሬ ሜትር ይሆናል። 27 ሲካፈል ለ10፣ ወደ 2.7 ሰከንድ። ጭብጨባው ለምን እንደቆየ ገባን።

አሁን 40 ልጆች እናስገባ። ሰው ድምፅ ይመጥጣል፤ ልብሱም ራሱም። የተቀመጠ ልጅ በግምት 0.4 ካሬ ሜትር ብንለው 16 ይጨመራል። 26 ሆነ። ትራፊው ወደ 1 ሰከንድ ወረደ። ተሻሽሏል፣ ግን አሁንም ረጅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የአሜሪካው ደረጃም የሚሉት 0.6 ሰከንድ አካባቢ ነው። ደረጃው ለባዶ ክፍል ነው የሚለካው፤ የእኛው ባዶ ክፍል 2.7 ላይ እንደነበር አትርሱ።

ኮርኒሱን ብቻ እንቀይር። ድምፅ መጣጭ ሰሌዳ ለብሶ የሚደርስበትን ድምፅ መቶ እጅ 70 የሚያስቀር ቢሆን፣ 56 ካሬ ሜትሩ ወደ 39 ይሰጠናል። ልጆቹን ጨምሮ ጠቅላላው 62 ገደማ ይደርሳል። ትራፊው 0.44 ሰከንድ ሆነ። ልጆቹ ያው ናቸው፣ መምህሯም ያው ናቸው፣ ወንበር አልተነሳ። ለባዶ ክፍል ብንሠራው እንኳ 0.6 አይሞላም።

ሌላም ጥቅም አለው። የልጆቹ ጫጫታም እየተላተመ የሚጠራቀመው በዚያው ክፍል ነው። መምጠጡ ከ26 ወደ 62 ሲያድግ፣ ልጆቹ ያንኑ ያህል ቢንጫጩ እንኳ የተጠራቀመው ጫጫታ በ4 ዲሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ግን ያንኑ ያህል አይንጫጩም። የሚገርመው ክፍል እዚህ ጋ ነው።

ማን ጀመረው?

በ1911 ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም ያስተዋለውን አንድ ነገር አሳተመ። ሰው ጆሮው ላይ ጫጫታ ሲለቀቅበት፣ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ጫጫታው ሲቆም ይመለሳል። ማንም አላዘዘውም፤ እሱም አያውቀውም። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ያለ ሰው ሲያናግሩት ለምን እንደሚጮህ አሁን ይገባችኋል።

ክፍል ውስጥ ይህ ሲሆን እዩት። መምህሩ የቡድን ሥራ ሰጠ። አንዱ ቡድን መነጋገር ጀመረ። ጎኑ ያለው እንዲሰማማ ትንሽ ከፍ አለ። ሦስተኛው ከሁለቱም በላይ ሆነ። የመጀመሪያው ደግሞ አሁን አልሰማ ስላለው ጨመረ። ባለጌ ልጅ አንድም የለም። ሁሉም የታዘዘውን እየሠራ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ክፍሉ ገበያ ሆኗል። መምህሩ ከሁሉም በላይ ጮኾ «ዝም በሉ!» ይላል። ለአሥር ሰከንድ ጸጥ። ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

የሚያስተጋባ ክፍል ይህን ሽቅድምድም ያፋጥነዋል። የሚመጥጥ ክፍል ያበርደዋል። ስለዚህ ኮርኒስ ሲቀየር የሚገኘው በሒሳብ ካወጣናት 4 ዲሲቤል ሊበልጥ ይችላል፤ ልጆቹ ራሳቸው ድምፃቸውን ይቀንሳሉና። «የዘንድሮ ልጆች አስቸገሩ» ከማለት በፊት ወደ ላይ ቀና ብሎ ማየት ደግ ነው። ለሥነ ምግባር የምንሰጠው ጥፋት ግማሹ የልስኑ ሊሆን ይችላል።

ሽቅድምድሙን ሁሌ የሚሸነፈው መምህሩ ነው። አርባ ጉሮሮ በአንድ ጉሮሮ። የሴት የድምፅ አውታር ስትናገር በሰከንድ 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የወንድ ከ100 እስከ 125። አንዲት መምህርት በቀን ውስጥ ንግግሯ ተጠራቅሞ ሁለት ሰዓት ቢሞላ፣ አውታሮቿ እርስ በርስ የሚጋጩት ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው። ስትጮህ ደግሞ ግጭቱ ይከራል። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ አዮዋና ዩታ ግዛቶች መምህራንን ከሌላ ሥራ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። በዕድሜያቸው የድምፅ ችግር የገጠማቸው መምህራን 57.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ 28.8 በመቶ ነበሩ። እጥፍ። ዓርብ ከሰዓት ድምፁ የጎረነነ መምህር አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ ጉንፋን ላይሆን ይችላል።

የሰማነውን ማን ያስቀምጥልን?

«እሺ፣ ትንሽ ይቸገራሉ፤ ግን ይሰማሉ አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለእሱ የማነሳለት የፓትሪክ ራቢት ሙከራ አለ፤ በ1968 የታተመ ነው። ራቢት ለሰዎች የቁጥር ዝርዝር አሰማቸው። የመጀመሪያው ግማሽ በጸጥታ ተነበበ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ጫጫታ ተጨመረበት፤ ቁጥሮቹን መለየት ግን ይቻል ነበር። በኋላ አስታውሱ ሲባሉ የተጎዳው የትኛው ሆነ? በጸጥታ የሰሙት የመጀመሪያው ግማሽም ጭምር።

ለምን? አእምሯችን አዲስ ነገር ለአፍታ ይዞ የሚቆይባት ጠባብ ቦታ አለችው። ጫጫታ ውስጥ ስንሰማ ያቺው ቦታ ቃል በመለየት ሥራ ትያዛለች። የተቀመጠውን የሚጠብቅ ሰው ይጠፋል። ልጁ «ምን አልኩ?» ቢባል የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይደግመዋል። ከሱ በፊት የነበረው ግን ወጥቷል። ስለዚህ የጫጫታ ጉዳት በ«ሰማህ?» አይለካም። በቀኑ መጨረሻ ላይ በሚቀር ነገር ነው የሚለካው። በድካምም ጭምር፤ ቀኑን ሙሉ ቃል ሲፈለቅቅ የዋለ ልጅ ቤቱ ሲገባ ቢነጫነጭ አይፈረድበትም።

አዋቂ ይህን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ ነው ችግሩ የማይታየን። እኛ የጎደለውን እንሞላለን። «ዛሬ …ናብ ሊዘንብ ነው» ቢባል የጠፋችውን ፊደል ማንም አይፈልጋትም። ቃሉ ውስጣችን አለ። አሁን «ፎቶሲንተሲስ» የሚለውን ቃል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ልጅ አስቡ። ግማሹ ቢጠፋበት ከየት አምጥቶ ይሞላል? ትምህርት ቤት ደግሞ አዲስ ቃል የሚመጣበት ቦታ ነው። ጫጫታ በጣም የሚጎዳው የምናውቀውን ሳይሆን ገና የምንማረውን ነው።

በዚያ ላይ ንግግርን ከጫጫታ የመለየት ችሎታ ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ከገቡ በኋላም ማደጉን ይቀጥላል። የሰባት ዓመት ልጅ ከእኛ የበለጠ ጸጥታ ይፈልጋል። እኛ «ይሄማ ምን አላት» ያልናት ጫጫታ እሱን ታደናቅፈዋለች። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የማይማር ልጅ በሁለት በኩል ይመታል፤ ድምፁን መለየትም ትርጉሙን ማስታወስም ለሱ ሥራ ነው። ጉንፋን ይዞት የጆሮው ውስጥ ፈሳሽ የቋጠረ ልጅም አለ፤ በትንንሾቹ ዘንድ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ወላጅም ሳያውቀው ይመጣል ይሄዳል። የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ ልጅ ደግሞ መሣሪያው መምህሩን ብቻ መርጦ አያጎላለትም። የወንበሩን ጭረትም ያጎላዋል።

ከጫጫታ ጫጫታ ይለያል

ሁሉም ድምፅ እኩል አይጎዳም። አንድ ወጥ የሆነ «ሽሽሽ» ይለመዳል። የሚረብሸው የሚለዋወጠው ነው። ከሁሉም የባሰው የሰው ንግግር ነው፤ ባይገባን እንኳ። ልጅ በጸጥታ እያነበበ ከጎኑ ሁለት ሰዎች ቢያወሩ፣ ጆሮ በር የለውምና ንግግሩ ይገባና ከሚያነበው ቃል ጋር ይጋፋል።

በ1960ዎቹና 70ዎቹ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ግድግዳ የሌላቸው ሰፋፊ ክፍሎች ፋሽን ሆነው ነበር። ነፃነት፣ ትብብር፣ አዲስ ዘመን። ሦስት አራት ክፍል በአንድ አዳራሽ። አንዱ ጋ ማባዛት፣ ጎኑ ተረት። ብዙዎቹ ቆየት ብለው ግድግዳ ሠሩ፤ መሥራት ያልቻሉት ቁምሳጥን ደርድረው ከለሉ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ጆሮን ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

ከውጭ የሚመጣው ጫጫታ ላይ ጠንካራ ጥናቶች አሉ። ልቤን የሚገዛኝ የሙኒኩ ነው። በ1992 የከተማው አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘግቶ ሌላ ቦታ አዲስ ተከፈተ። ተመራማሪዎች ከመዘጋቱ በፊትም በኋላም በሁለቱም ቦታ ያሉ ልጆችን ፈተኑ። አሮጌው አጠገብ የነበሩት ልጆች የማንበብና የማስታወስ ችሎታቸው ተጎድቶ ነበር፤ ጫጫታው ሲቆም ተሻሻሉ። አዲሱ አጠገብ የነበሩት ደህና ነበሩ፤ አውሮፕላኑ ሲመጣ እነሱ ተጎዱ። ልጆቹ አልተቀየሩም፤ የተቀየረው ከላያቸው የሚያልፈው ነው። ውጤቱ በ2002 ታተመ።

በ2005 በለንደኑ ሂትሮው፣ በአምስተርዳሙ ስኪፖልና በማድሪዱ ባራሃስ አውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ፣ በ89 ትምህርት ቤቶች ያሉ ከ2800 በላይ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን ያየ ጥናት ወጣ። የአውሮፕላን ጫጫታ በጨመረ ቁጥር አንብቦ የመረዳት ውጤት ይወርዳል። የመኪና መንገድ ጫጫታ ግን ከንባብ ጋር ያለው ግንኙነት አልታየም። «እንግዲያው መኪና ችግር የለውም» እንዳንል፣ በ2022 ከባርሴሎና ሌላ መጣ። በ38 ትምህርት ቤቶች፣ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያሉ 2680 ልጆች ለአንድ ዓመት ታዩ። ትምህርት ቤታቸው የመኪና ጫጫታ የሚበዛበት ልጆች የትኩረትና የጊዜያዊ ማስታወስ እድገታቸው ቀርፋፋ ነበር። ቤታቸው ያለው ጫጫታ ግን ያንን አላሳየም። ሁለቱ የለኩት የተለያየ ነገር ስለሆነ የግድ አይጣሉም። እኔ ከሁለቱም የምወስደው፣ ልጁ በሚማርበት ሰዓት የሚመጣው ጫጫታ የተለየ ክብደት እንዳለው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት። ድምፅ መምጠጥና ድምፅ መከልከል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስፖንጅና ምንጣፍ ክፍሉ ውስጥ የሚንገዋለለውን ይመጥጣሉ፤ ከውጭ የሚመጣውን መኪና ግን አያቆሙም። የሚያቆመው ክብደትና ቀዳዳ አለመኖር ነው። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የሚለጥፍ ሰው ሁለቱንም አያገኝም። ይልቁንም በቀላሉ የሚቃጠል ነገር ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ ሰቀለ ማለት ነው።

ቀዳዳ ስል ቀልዴን አይደለም። የግድግዳው ስፋት አንድ በመቶ እንኳ ክፍት ከሆነ፣ የቀረው ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ከ20 ዲሲቤል በላይ አይቀንስም። በር ሥር ያለችው ክፍተት የኮሪደሩን ወሬ ሁሉ ታስገባለች። በሩ ሥር የምትለጠፍ የጎማ ክር ከብዙ ውድ ነገር ትበልጣለች።

የወንበር እግር ሌላው ነው። አርባ ወንበር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ምን እንደሚመስል መግለጽ አያስፈልግም። ወፍራም ጨርቅ ወይም ጎማ ማልበስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሚያልቅ ነገር ስለሆነ ግን እየታየ መተካት አለበት። የቴኒስ ኳስ ቀደው የሚያለብሱም አሉ፤ ይሠራል፣ አቧራና ቆሻሻ ግን ይሰበስባል።

ትልቁ ሥራ ኮርኒሱ ነው፤ ሒሳቡን አይተነዋል። ሁሉንም ነገር ግን አታልብሱ። ከመምህሩ አፍ ወጥቶ ተላትሞ በሰከንድ አንድ ሃያኛ ውስጥ የሚደርስ ድምፅ ጆሮ ከዋናው ጋር ደምሮ ይሰማዋል። ኋላ ላሉት ይጠቅማል። ስለዚህ ከመምህሩ በላይና ከፊቱ ያለው የኮርኒሱ መሃል ጠንካራ ሆኖ ቢቀር ድምፁን ወደ ኋላ ይገፋል። መጣጩ በዳር በዳሩና በኋላው ግድግዳ ላይ ይሁን። ገንዘብ ከሌለ የኋላ ግድግዳ ላይ ወፍራም የጨርቅ ሰሌዳ፣ መጻሕፍት የሞላ መደርደሪያ፣ ከባድ መጋረጃ ትንሽ ትንሽ ይረዳሉ። ስስ መጋረጃ ለጌጥ ነው።

ማይክሮፎንስ? ጸጥ ባለና በማያስተጋባ ክፍል ውስጥ የመምህሩን ጉሮሮ ያሳርፋል፣ ለኋላዎቹም ይደርሳል። በሚያስተጋባ ክፍል ግን ትራፊውንም አብሮ ያጎላዋል። መጀመሪያ ክፍሉ፣ ከዚያ ማይክሮፎኑ።

ምንም ሳይወጣ የሚደረግም አለ። ከበድ ያለ አዲስ ቃል ሲመጣ ሰሌዳ ላይ መጻፍ። ፊትን ወደ ተማሪ አዙሮ መናገር፤ ከንፈር ብዙ ነገር ይናገራልና። ወደ ሰሌዳ ዞሮ ማውራት ግን ቃሉን ለሰሌዳው መንገር ነው። ጸጥታ በጩኸት አለመጠየቅ፤ እጅ ማንሳት ወይም መብራት ብልጭ ማድረግ ሽቅድምድሙን አያባብስም። ተማሪን ማቀያየርም አለ፤ አንድ ልጅ ዓመቱን ሙሉ መስኮት ሥር ወይም መጨረሻ ላይ መቅረት የለበትም።

ስልክ ላይ በሚጫን የድምፅ መለኪያ ባዶ ክፍሉን ለኩት። የስልክ ቁጥር ሁሌ ትክክል አይደለም፤ ክፍልን ከክፍል ለማነጻጸር ግን ይበቃል። ከርእሰ መምህሩ ጋር ስትነጋገሩ «ይጮኻል» ከማለት «ይሄኛው ከዚያኛው በ12 ይበልጣል» ማለት ሚዛን ይደፋል።

እንዲህ ባለ ክርክር ያሸነፈ አንድ ትምህርት ቤት አለ። ኒውዮርክ ማንሃታን ውስጥ ነው። በአንድ ጎኑ በኩል፣ ከመሬት ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ ባቡር በየአራት አምስት ደቂቃው ያልፍ ነበር። ባቡሩ ሲያልፍ መምህሩ ያቋርጣል፤ ሲሄድ ይቀጥላል። አርላይን ብሮንዛፍት የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረባዋ ጋር ሆና፣ በባቡሩ በኩልና በጸጥተኛው በኩል የሚማሩትን ልጆች የንባብ ውጤት አነጻጸረች። ትምህርት ቤቱ አንድ ነው፣ ሰፈሩ አንድ ነው። በ1975 ባወጡት ጽሑፍ፣ ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ በባቡሩ በኩል ያሉት ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። ውጤቱ ብዙ ተወራ። የከተማው ባቡር ድርጅት ሐዲዱ ሥር ጎማ አነጠፈ። የትምህርት ቢሮው በጫጫታው በኩል ላሉት ክፍሎች ድምፅ መጣጭ ኮርኒስ ገጠመ። ብሮንዛፍት ተመልሳ መጥታ ለካች፤ ውጤቱ በ1981 ወጣ። በሁለቱ ጎኖች መካከል የነበረው የንባብ ልዩነት ጠፍቷል።